የቀረችው ሃያ ሰከንድ

ማክሰኞ ማክሰኞ ሸንጎ ይቀመጣል፤
ሰኞ ማታ አቡ ዱዐይጅ ሳሎን ቆሞ ያጠናል።
እኔ ቢሽቱን እተኩሳለሁ፣
የወርቅ ጥልፉ እንዳይቃጠል እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ።
ድምፁ እቤት ውስጥ ቀጭን ነው፤ ማይክ ሲያገኝ ይወፍራል።
ሙሐረቅ እንዲህ ናት፤ ዓረፍተ ነገር ተጀምሮ
አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ይቆማል፣ አየር ላይ ታስሮ።

«ሉባባ፣ ስልኩን ያዥ፣ ሰዓቱን ቁጠሪ፤
ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካለፍኩ ተናገሪ»
አለኝ አንድ ሰኞ።

ቆጠርኩ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ከባሕር ማዶ ያሉት፣
ከቤታቸው ተፈናቅለው በሸራ ሥር ያደሩት፣
ስንት ደረሱ? የላክነው ብርድ ልብስ
ወደብ ላይ ቀርቷል ይባላል፤ ማን ነው የሚመልስ?»

ተፈናቃዩን «ናዚሕ» ይለዋል።
የኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ነው፤
ጂቢ፣ ሺሊ፣ ኸላስ፣ ባችር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዱር ነው።
ይህችን ቃል ያስተማረኝ ቴሌቪዥኑ ነው፦
ሸራ፣ ገመድ፣ ጭቃ ላይ ቢጫ ጀሪካን።
ዙበይዳ ከሐይቅ በላከችው ፎቶም ላይ
ያው ጀሪካን፣ ያው እጀታው የተቆረጠ።
እህቴን በባዕድ ቋንቋ ምን እንደሚሏት ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ሠፈሩ ወረደ።
የመኪና ማቆሚያ። ከመስጊዱ ኋላ የጠፋው መብራት።
በጥር አንድ ቀን ዘንቦ ሳምንት የሚተኛ ውሃ።
የአንዲት ባልቴት የቤት ብድር፣ ስሟን ሳይጠራ።

«ስንት ሆነ?»
«ሁለት ደቂቃ ከአርባ።»
«ሃያ ሰከንድ ተረፈችኝ» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ፤
«ምን ልጨምርባት?» ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደ ቀልድ፣ ሥቆ።

ሃያ ሰከንድ ምን ታህላለች?
አንድ እጅጌ ታስተኩሳለች።
በኢሞ «ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» አስብላ ትቆረጣለች።

ምላሴ ላይ ነበረ፦
ክቡር ሆይ፣ ከላይኛው መሳቢያ፣ ከአምናው የምርጫ ፎቶዎ ሥር፣
የሰው ፓስፖርት አለ፤ ስንት ዓመት ይታሰር?
ክቡር ሆይ፣ እቤትዎ ስንት ናዚሕ ያድራል?

ብረቱ እጄ ላይ ቆመ፤ ጨርቁ መሽተት ጀመረ።
አነሣሁት።
«ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉድጓድ» አልኩ፣
«ክዳኑ ተሰብሯል። የባራዳው ተላላኪ፣ ሺሃብ፣
በሳይክሉ ገብቶበት ክንዱ በጀሶ ነው።»
ሣቀ። ግን ጻፈው።

ማክሰኞ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ በቴሌቪዥን አየሁት፤
ቢሽቱ ትከሻው ላይ አልተጨማደደም፤ እኔ ነኝ የተኮስኩት።
ሚኒስትሩ ስለ ባሕር ማዶዎቹ «ጉዳዩን በቅርበት
እየተከታተልን ነው» አሉ። ስለ ጉድጓዱ፣ «በሳምንት።»
እመቤቲቱ ድምፁን ከፍ አደረገች፤
«የኛን ሠፈር አነሣው!» ብላ ለእህቷ ደወለች።

እሑድ መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ክዳን፣
ቁጥር የተቀረጸበት ጥቁር ብረት።
ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤
አልተነቃነቀም።
በሰው አገር ሸንጎ ጥያቄ አቅርቤ መልስ ያገኘሁት
እኔ፣ የኡመር ልጅ፣ ከነሸበጤ።

እኔም ለእህቴ ደወልኩ። ዙበይዳ ሣቀች፤
«ጉድጓድ አስከደንሽ? የኛን ሸራ ነፋስ ገልጦት አድሯል» አለች፤
ከዚያ ዝም። ኔትወርኩ ይሁን እሷ፣ አላወቅሁም።

ዛሬም ሰኞ ነው።
ቢሽቱ ሞቋል፤ ስልኩ እጄ ላይ ነው።
አቡ ዱዐይጅ ጉሮሮውን ጠረገ።
ያ አላህ፣ አውሮፕላኑን አዘግየው፣
አነባበቡንም ፈጠን አድርገው፤
ሃያ ባትሞላም፣ ትንሽ ትትረፍ።