ደፈረ

ፈርዋኒያ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሐምሌ ነው፤ መስኮቱ አቧራ ለብሶ ሰማይ አያሳይ።
ከማቀዝቀዣው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ባልዲ ውስጥ፣
ጠብ… ጠብ… እንደ ሰው ሳይቸኩል፣ እንደ ሰው ሳይደነግጥ።

መኮንኑ ብዕሩን አነሣ፣ ሰዓቱን አይቶ፣
«ምን እንዳደረጋት ጠይቂያት» አለኝ፣ ሌላ መዝገብ ከጎኑ ከፍቶ።
ክፉ ሰው አይመስልም። ቸኩሏል እንጂ።

ካልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ «ጦይባ» አልኳት፤ ቀና አለች።
ስሟን ከሰው አፍ ከሰማች ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል፤
እዚያ ቤት መርየም ነበረች፤ ከሷ በፊት የነበረችዋም መርየም፤
ስሙ እንደ ሽርጥ ካንዷ ወገብ ይፈታል፣ ለመጪዋ ይታሰርላታል።

የአንሶላውን ጠርዝ በጣቷ እየጠቀለለች፣
ቆይታ፣ «ደፈረኝ» አለች።

አሥራ አራት ዓመት ከአፍ ወደ አፍ ቃል እያሻገርኩ ኖሬ፣
ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ጥርስ ሕመም ለስንቷ ተናግሬ፣
እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ነው እግሬ የሚከዳኝ።
አረብኛው ጠፍቶኝ አይደለም፤ እሱማ አለ፣ ሕግ ላይ የሰፈረ፤
የገዛ ቋንቋዬ ነው፣ አማርኛዬ ነው፣ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረ።

ደፈረ። የሞላ ወንዝ የተሻገረውን እንዲህ እንላለን።
ዳኛ ፊት እውነቱን ያወጣውን፣ ደፈረ፣ ጎሽ እንላለን።
ታዲያ ይሄ ምኑን ደፈረ?
ፓስፖርቷን ካዝና፣ ስልኳን መሳቢያ ከትቶ፣
በእኩለ ሌሊት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለችውን ክፍል በገዛ ቁልፉ ከፍቶ
የገባው ሰውዬ? ማን ሊይዘው፣ ማን ሊጠይቀው ነበረ?

ደፋርስ እሷ። ሦስት አንሶላ ቋጥራ፣
የበረኛውን ሳል በጨለማ ቆጥራ፣
ግንቡን ታክካ ወረደች፤ ተረከዟ ተሰበረ፤
በአንድ እግሯ እስከ በቃላው፣ አስፋልቱ የትናንትን ፀሐይ ገና እንደያዘ ነበረ።
ቤንጋሊው ሱቀኛ ውሃ ሰጣት፣ ስልኩንም። ጣቷ ቁጥሩን ያውቀው ነበር።

ቁጥሩ የይርገዱ ነው። አዲስ መጪዎች ለምርመራ ደም በሚሰጡበት ጣቢያ፣
በሴቶቹ መጸዳጃ በር፣ ከውስጥ በኩል፣ በዐይን ኩል ትጽፈዋለች፦
«እህቴ፣ በወረቀት አትያዢው፣ ይወስዱብሻል፤ አጥኚው።»
ጽዳቶቹ ያጠፉታል። አርብ ሲሆን ተመልሳ ትጽፈዋለች።
ጦይባ ሳህን ባጠበች ቁጥር ስምንቱን አኃዝ እንደ ዱዓ ስትላቸው ከረመች።

ሕጉ የሚያውቀውን ቃል ለመኮንኑ ሰጠሁት።
ጻፈ። ደግሞ ጠየቀ፤ ጥያቄው ጥሩ አልነበረም፣ ግን ተረጎምኩት፦
«ለምን አልጮኽሽም?»

ጦይባ አየችው። እኔን አይደለም፣ እሱን።
«ለማን?»

አፌን ሳልከፍት ብዕሩ ቆመ።
ለማን፣ ሊመን፤
ለካ ይሄ ቃል ያለ እኔ ባሕሩን ተሻግሯል።
ሰውየው ያን ሌላውን መዝገብ ዘጋው፤ ወንበሩን ቀረብ አደረገ፤
ከዚያ ወዲያ የጻፈው እንደ ጠብታው ነው፣ ሳይቸኩል።

በማግስቱ ማታ፣ ጅሊብ፣ ይርገዱ ቤት፤ ስምንት ፍራሽ፣ አንድ መብራት፤
«ምን ሆነሽ ነው?» ያላት የለም። ትርሲት ሾርባ አሙቃ አቀረበችላት፣
ይርገዱ መዳፏን ዘርግታ ቁልፍ አስቀመጠችላት፦
«የዚህ በር ነው። የሚቆለፈው ከውስጥ ነው። ዛሬ ካንቺ ሌላ ማንም አይዘውም።»

መብራቱ ጠፋ። በክራንች ተነሥታ ሄደች።
ቆለፈች። ከፈተች። ቆለፈች።
ደግሞ ከፈተች፣ ኮሪደሩን አየች፣
ቆለፈች።

እኛ የተኛን መስለን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣
እስከ አሥራ ሰባት ቆጠርንላት።