የትናንት ዳቦ

ዙልፋ አጋሮ ናት፣ እህቷን ልታርስ፤
"ሁለት ሳምንት" ብላ፣ ይኸው ወር ሊደርስ።
ሚኒባሱ ሲነዳ አንገቷን በመስኮት አውጥታ
"ምድጃውን ንቀል" አለች፣ "ዶሮ አስገባ ማታ፣
ነጭ ሽንኩርት ደግሞ…"
ቀሪውን ወሰደው የመናኸሪያው ጫጫታ።

ቀሪውን አውቀዋለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፦
"ነጭ ሽንኩርት በልቶ ከጎኔ የሚተኛ
ወይ ፍራሽ ይግዛ፣ ወይ ይፈልግ ጓደኛ።"
ወጥ ስትሠራ እንኳ ግማሽ ፍንካች ጠብሳ፣
እሱንም በማንኪያ ለቅማ፣ መልሳ፤
ጥላው ብቻ ነበር ምስሩ ላይ የሚያልፍ፣
እንደ መንገደኛ ዘመድ፣ ደጅ ላይ ሳያርፍ።

መርካቶ ነው ሱቄ፣ ሰዓት እጠግናለሁ፤
ባንድ ዓይን መነጽር ስር ደቂቃ አባብላለሁ።
ሐሙስ ሂርማታ ላይ ዝናብ አባሮኝ ድንኳን ስር ገባሁ፣
ከአንዲት የዴዶ ሴት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አራት ራስ ገዛሁ፤
ጭቃው ያልደረቀ፣
ልጣጩ ወይን ጠጅ፣
ኪሴ ውስጥ ቁልፌን እየነካካ እስከ ቤት የሳቀ።

ጓሮ ቤት ኡሞድ አለ፣ የጋምቤላ ልጅ ነው፣
የጥርስ ሐኪም ሊሆን አንድ ዓመት የቀረው።
ፉርኖ ስገምስ አይቶ "የዛሬ ነው?" አለኝ፤
"ትኩስ ነው" አልኩት፣ መኩራትም ቃጣኝ።
ራሱን ነቀነቀ።
"ትኩስ ዳቦ፣ ጋሼ፣ ቅቤ ጠጥቶ ይሰክራል፤
የትናንቱ ግን ጥርስ ስር ያወራል።"

ዳቦውም እኔም አደርን።

ዓርብ ማታ በቢላዋ ጀርባ አሥር ፍንካች ደቆስኩ፣
ጨው ጣል አድርጌበት እስኪያለቅስ አደቀቅኩ።
ቅቤው የገበታ ነው፤ ያገር ቤቱ ኃይለኛ፣
ሌላው እንዲናገር የማይፈቅድ ዳኛ።
መስኮት ስር ከዙልፋ ጣሳ በሶብላ ቆነጠርኩ፣
(ቅጠሉን ቆጥራ ነው የሄደችው፤ እያወቅኩ።)
ዳቦውን ሸነሸንኩ፣ ሥሩን ሳልለያይ፣
እንደ ደብተር ገልጬ ቀባሁ በየገጹ ላይ።

መብራት ሄደ።

ኡሞድ በስልኩ አበራ፣ ከሰል አያያዝኩኝ፤
ከድስቱ ሥር ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ፍም፣ መሀል ዳቦ አኖርኩኝ።
እጄ ላይ ሰዓት የለም፤ የሰው ሁሉ ሲሄድ የራሴ ቆሟል፤
በጨለማ ጊዜን አፍንጫ ይቆጥራል፦
መጀመሪያ ጥሬ፣ ስለታም፣ እንደ ጎረቤት ነገር፤
ቀጥሎ ለዘብ ያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር፤
ኋላ ጣፈጠ፣
እንደ ዘገየ ይቅርታ
አጥሩን ዘሎ ወደ አወይቱ ሮጠ።

ኡሞድ አምስት በላ፤ እኔ መቁጠር ተውኩ።
የበላ መስጊድ አይቀርብምና ኢሻን ቤት ሰገድኩ።
ከዚያም በአልጋው መሀል፣ እጄን ዘርግቼ፣
ትንፋሼን ለቀቅኩት ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ አፌን ከፍቼ።
ሃያ ሁለት ዓመት የተመኘሁት ይኸው፤
ግድግዳው ግን ምንም አላለው።
"ዞር በል" የሚል የለም።
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አነጋ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ ሳትነግረኝ መጣች፤
ጫማዋ ጭቃ፣ በፌስታል አቮካዶ፣ በር ላይ ቆመች።
አየሩን ሳበችው አንዴ።
"ዓርብ ነው" አለች። "ማታ። ከሰል ነበረው እንዴ?"
እኔ እኮ ለሰዓት ብዬ መነጽር አደርጋለሁ!

አንዲት ቁራሽ ተርፋ ነበር፤ ፍም ላይ አሞቅኩላት።
"አልበላም" አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች፤ ዝም አልኳት።
"እስቲ ጠርዟን ብቻ።"
ጠርዟን በላች። መሀሏንም። ጣቷንም ላሰች ለብቻ።

ማታ መብራት የለም። ትራሴን ጫፉን ይዛ ወደ እሷ ሳበች፤
"ሁለት የበሉ ሰዎች አይሸታተቱም" አለች።
እኔ ዝም። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ይንኮሻኮሻሉ።
ቆየት ብላ ደግሞ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፦

"ጨው አብዝተሃል።"