ሣሩ ብቻ የለ

ማሽኑን በዱቤ ከኮምቦልቻ አመጣን፣
ዋጋ ልናወጣ በረንዳ ላይ ወጣን።
ደብተሩም ተገኘ፣ የጠፋው ልምድ ነው፤
አራጋው ሲደምር እኔ ነኝ ጸሐፊው።

ቤንዚን ስንት ይጠጣል? ባጃጁስ ስንት ይላል?
ሞረዱስ፣ ዘይቱስ፣ ምላጩስ ስንት ይበላል?
«ወገባችንስ?» አልኩ። «እሱ አይጻፍም» አለ።
በካሬ ተጻፈ፣ በሰዓት ተባለ፤
ብናስወድድ ማን ሊጠራን? ብናረክስ ማን ሊያምነን?
ጦሳ ጉም ለበሰ፣ ሳንስማማ መሸብን።

ጠዋት ወደ ሆጤ፣ እትየ ዘምዘም ጋ፣
ማሽኑን እየገፋን፣ በኪሳችን ዋጋ።
ክረምት ያጠገበው ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣
ድንጋይና ቆርቆሮ ከሥሩ አድብቷል።
ድምፄን ጠራርጌ ቁጥሩን ስነግራቸው፣
እትየ ዘምዘም ሳቁ፣ እስኪላላ ሻሻቸው።

«አብሽሩ ልጆቼ! ሣር እኮ ይሸጣል፤
አጫጅ ነው የሚከፍል፣ ባለቤት ይቀበላል።
የሰኞ ገበያው በግ አድላቢ፣ አምና፣
ለምኖኝ ነው ያጨደው፣ ከፍሎኝ በምስጋና።
እናንተ ሣሬንም ብሬንም ልትወስዱ!
ይኼ ግብር እንጂ ሥራ አይደለም፤ ሂዱ!»

አራጋው ዝም አለ። ማሽኑም ዝም አለ።
ሁሉን ጽፈን ነበር፤ ሣሩ ብቻ የለ።

ከደጁ ተቀምጠን ገጹን ገነጠልን፣
ባንድ ዋጋ ፈንታ ሁለት ዋጋ ጻፍን፦
ሣሩ ለእኛ ሲሆን፣ ግማሽ ይከፈለን፤
ሣሩ ለቤት ሲቀር፣ ሙሉ ይቆጠርልን።
እትየ ዘምዘም አነበቡት፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣
ከግማሹም ላይ ደግሞ ሃያ ብር ቀነሱበት።

ከሰዓት በባጃጅ፣ ሦስት ጆንያ ሣር ጭነን፣
ያንን በግ አድላቢ አፈላልገን አገኘን።
እፍኝ ሣር ዘገነ፣ አሸተተ፣ ጨበጠ፤
«ዋጋው ስንት ነው?» አለን።
አራጋው እኔ ላይ አፈጠጠ።