ካናቱ

አባቴ ዓሣ ሲገዛ፣ ታንኳው ጣና ዳር ሲቆም፣
አናቱን ነው የሚያሸት፤ ዋጋ አይጠይቅም።

እኔም ወጣሁ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ቤት በላይ፤
«ነርስ ባጭር ጊዜ» የሚል ጨርቅ ደጁ ላይ።
«መለማመጃ ክፍሉን ላየው?» አልኩኝ፤
«ቁልፍ ያዡ ጎንደር ነው» ብሎ መለሰልኝ።
«ሆስፒታሉስ የት ነው፣ የምትልኩን ለሥራ?»
ሳቀና እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ «ፈርሚ፣ ምን ያስፈራ?»

ባጃጅ ተሳፈርኩኝ፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፤
ሦስት ዓመት ነው እዚህ፣ ፈተናውም መርዶ፤
ክፍሉ ግን ክፍት ነው። አንድ የላስቲክ ክንድ፣
በተማሪ መርፌ ሥሩ ቅድድ ቅድድ።
ሲስተር አንጓች መጣች፤ ስሜን ሳትጠይቅ
«ታጠቢ» አለችኝ፣ «የቧንቧው ውሃ ሳያልቅ።»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ በረኪና።
መሀረቤን ፈታሁ፤ ብሩ ገና
ዓሣ ዓሣ ይሸታል።