ሁለተኛው ሪሞት

አባቴ ሙሄ ጆሮውን የተወው አሰብ መንገድ ላይ ነው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ሲጎትት፣ ያ የኤንትሬ ሞተር ቀስ እያለ በላው።
ሚሌ ላይ ተጠብሶ፣
ሀረጎን በአንደኛ ማርሽ፣ ጉሙን እየማሰ፣ ደሴ ደርሶ፣
ከጋቢናው ሲወርድ ከበር ስንጮህለት፣
ከንፈራችንን ነበር የሚያየው፣ ድምፃችን ጠፍቶበት።

ጡረታ እንደወጣ ነጭ ዲኤክስ ገዛ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣
ፓራፋንጎው የተበየደ፣ መስታወቱ በጣት ካልደገፉት ቁልቁል የሚያመልጥ።
ሳምንት ሳይሞላው ሸዋ በር ወረደ፤
ነስሩ ሽቦ ቀጣጥሎ አላርም ገጠመለት፣ ኮፈኑን በክርኑ ደፍኖ «አለቀ» ብሎ ሄደ።
«ደንቆሮ ሰው፣» አለች እናቴ፣ «ጩኸት በብር ይገዛል?»
ከንፈሯን አነበበ፤ «ጩኸቱ ለሌባ፣» አለ፣ «ለኔ መብራቱ ይበቃል።»

ማታ ማታ በረንዳው ጫፍ ይቆማል፣ ክንዱን እንደ ጠመንጃ ዘርግቶ፤
ያችን ጥቁር ሪሞት ሲጫናት መኪናው ይጠቅሰዋል፣ ብርቱካን ብርሃን ጭጋጉ ውስጥ ፈክቶ።
አንዴ ማለት ተዘጋ፣ ሁለቴ ማለት ተከፈተ፤
ድምፁን እኛ ሰማንለት፤ እሱ መብራቱን እያየ ሰነበተ።

ሌባ አልመጣም።
የሞሚና ድመት ኮፈኑ ላይ ስትሞቅ ጮኸ፤
ጦሳ ላይ ነጎድጓድ ሲፈርስ ጮኸ፤
የሐምሌ በረዶ ጣራውን ሲወግር፣ ያን ስድስት ዓይነት ዜማውን
አንድ በአንድ፣ ሳይዘል፣ እስኪነጋ አወረደው፣ ያወቀውን።
የሰፈሩ ልጆች ቅደም ተከተሉን በቃላቸው ያዙት፣
በአፋቸው አስመስለው ትምህርት ቤት ወሰዱት።
አቶ ደምሌ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣
«ምነው ልጄ፣» አለኝ፣ «በተገላገልን ሌባው ራሱ መጥቶ!»

የምነሳው እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ ደርቤ፣ በጨለማ እየዳሰስኩ፣
ከትራሱ ሥር ሪሞቷን ስቤ፣ በመስኮት አነጣጥሬ ስንቴ ተኮስኩ!
እሱ ጎኑን እንኳ ሳይቀይር ያድር ነበር፤
ጠዋት ጎማውን ረገጥ አድርጎ፣ «አየሽ?» ይለኛል፣ «ሌሊቱ እንዴት ጸጥ ያለ ነበር!»

ጥቅምት ላይ ሞተ።

የሶደቃው ድስት ለባለቤቱ ሳይመለስ፣ ከኮምቦልቻ ገዢ መጣ፤
ሊብሬ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ቁልፍና ሪሞት፣ ሁሉም በፊርማ ከቤት ወጣ።
ሁለተኛ ሪሞት መኖሩን ማን አሰበ?
ሚያዝያ ላይ ከካፖርቱ ኪስ ተገኘ፣ በተምር ፍሬና በቤንዚን ደረሰኝ ተከበበ።

ለሥራ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ሐሙስ ለት፤
ቦርከና ድልድይ አጠገብ፣ ባጃጅ ከባጃጅ የሚጋፋበት፣
ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬን ስፈልግ ጣቴ እሷን አገኘ፤ ሳላስብ ተጫንኩ።
ውሸቴን ነው። አስቤ ነው። ከደሴ ጀምሮ እንዳሰብኩ።

ጢው ጢው።

ሻይ ቤቱ ደጅ ከቆሙት መሀል አንዱ ሁለቴ ዓይኑን ጠቀሰ፤
ሰማያዊ ቀብተውታል፤ የፓራፋንጎው ብየዳ ግን ከቀለሙ ሥር አልታበሰ።
በጠራራ ፀሐይ የሰው መኪና ከፈትኩ።
ባለቤቱ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ መኪናውን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ እኔ አንገቴን ሰበርኩ።
ምን ልበለው? አንድ ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤
«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰው ልጠራ ነበር።»

ተመልሶ እስኪገባ ጠበቅሁ።
የሰው ንብረት ክፍት አይተውም። እንደ አባቴ ክንዴን ዘረጋሁ።
ልክ ስጫን ድልድዩ ላይ አንድ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ነፋ፤
ጢው ማለቱ በመሀል ጠፋ።
መብራቱን ብቻ አየሁ።