ከዱቄቱ በፊት

የቶርስሃቭን ወደብ በጉም ተሸፍኖ፣
የዓሣ ምርምሩ ቤት መስኮቱ ተከድኖ፣
ከሌሊቱ ስምንት፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ፤
ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ ቃል ጠበቀኝ።

«ስም» ይላል አስቀድሞ። አይቸኩል፣ አይቆጣ፤
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣ ባለቤት እስኪመጣ።
«ሱንቫ» ብዬ ስጽፍ ፊደሉ ይበራል በተራ፤
ስም የአደባባይ ነው፣ ማንም የሚጠራ።

ቀጥሎ «የይለፍ ቃል»። እዚህ ላይ ይጨልማል፤
ጣቴ ይረግጣል እንጂ ዓይኔ ምን ያነባል?
ኮከብ እንኳ የለም፣ ነጥብ እንኳ የለም፤
ከጀርባ ለሚቆም ርዝመቱም አይለይም።

ብሳሳት «አልሆነም» ይለኛል ባጭሩ፤
ከስሙ ይሁን ከቃሉ፣ ከየቱ ነው ችግሩ፣
አይናገር።
ያልተወለደ ሰው ስም ብሰጠውም፣ ችሎ፣
ወፍጮውን በባዶ ያዞራል፣ ያለ ሰው አስመስሎ።
እንዲህ ነው ደጅ ጠባቂ፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ
ለውጭ ሰው ትንፍሽ ያላለ።

ወፍጮ ያልሁት የሃኑስ ነው፤ እኔ አላመጣሁትም።
ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሹራቡ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣
ወንበሩን ወደ እኔ እየጎተተ፣
«ማሽኑ ቃልሽን አያውቀውም» አለኝ፤ «አልያዘውም።
ቃልሽ ገብስ ነው እንበል። ጨው ጣል ያደርግበታል፤
ይፈጨዋል፤
ዱቄቱን ብቻ ከመዝገብ ያኖራል።
ነገም ስትመጪ ያመጣሽውን ይፈጫል፣
ዱቄት ከዱቄት ያስተያያል።
ጨዉም የየሰው ነው፤ እኔና አንቺ ሳናውቅ አንድ ቃል ብንመርጥ፣
ዱቄታችን ለየቅል ነው፣ ጎን ለጎን ቢቀመጥ።
ሌባ መዝገቡን ቢሰርቅ ምን ሊያደርገው? ይጋግረው?
የተፈጨን ገብስ ወደ ዛላው ማን መለሰው?»
ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ሳል ነበረበት።

ሃኑስ ሞተ። ባሕር አልወሰደውም፤ ካልጋው ነው የሄደው፣
በየካቲት ነፋስ፣ ጣራ በሚነቅለው።
ትናንት ደብዳቤ መጣ፦ «ሺህ ቀን ያልገባ ስም ይፋቅ።»
መዝገቡን ገለጥሁ። «ሃኑስ፤ መጨረሻ የገባው ማክሰኞ፣ ጠዋት፣
ሁለት ሰዓት ከሦስት።» ከዚያ ወዲያ ባዶ መስመር፣ ሩቅ።

ስሜን ለውጬ «ሥር» ሆንሁ።
ሥር ለሆነ ሰው በር የለም፤ ገፋሁት፣ ገባሁ።
ቤቱ እንደ ነበር ነው፦ የሄሪንግ ሰንጠረዥ፣ የማዕበል ቁመት፣
እና አንድ አጭር ፋይል፣ «የተዋሱኝ» የሚል፣ ከሰባት ዓመት በፊት።
«ዮአኒስ፦ መጋዝ። አይዱን፦ የዝናብ ካፖርት።
ሱንቫ፦ መሰላል።»
ብቻዬን ሳቅሁ። እውነት ነው፤ እስካሁን እኔ ዘንድ ይውላል።

ሁሉ ተከፈተልኝ፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን አልተከፈተችም፤
ሥርም ብሆን ዱቄት እንጂ ገብሱን አላይም።
ድምፁን አውቀዋለሁ፦ አሥራ አንድ ምት ነበር፣
የመጨረሻው ሰፋ ያለ፣ ባውራ ጣት የሚሰበር።
የጀልባውን ስም ሞከርሁ። አልሆነም።
የውሻውን። አልሆነም።
ሦስተኛውን ጀምሬ አፈርሁ፤
እጄን ከገበታው አነሣሁ።

አልፋቅሁትም። ከዱቄቱ ፊት፣ ከመስመሩ መግቢያ፣
አንዲት ትእምርተ አንክሮ ተከልሁ፣ መዝጊያ።
ከእንግዲህ ማንም ቢፈጭ፣ ምንም ቢፈጭ አይገጥምም፤
በአንክሮ የሚጀምር ዱቄት ወፍጮው አያወጣም።

ወጣሁ። ስክሪኑም፣ ጭራሽ እንዳላየኝ፣
«ስም» አለኝ።

ጉሙ ሳሳ። መሰላሉን ዛሬ ለልጁ አደርሳለሁ፤
ሁለተኛው መርገጫ ላልቷል፣
እሱን መጀመሪያ ማጥበቅ ያስፈልጋል።