በመሀል የሚገባ ውሃ

መሀል ሜዳ፣ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት አልፎ፣
ውርጭ በመስኮቱ ላይ እንደ ጥጥ ተነድፎ፣
ባትሪዬን በጥርሴ፣ ብልቃጡን በመዳፌ፣
የሴፍትሪያክሶኑን ቆርቆሮ ቀርፌ፣
አንድ ግራም ዱቄት በውሃ ፈታሁት፣
አረፋ እንዳይቋጥር ቀስ ብዬ አሽከረከርሁት።

«ጋሽ ተክለወልድ፣ ፔኒሲሊን ተወግተው
ፊትዎ አብጦ፣ አሳክኮዎት ያውቃል?»
«እኔን የሚያሳክከኝ» አሉ፣ ሳል እያቋረጣቸው፣
«እነዚህ ሁለቱ ናቸው።»

ደምሰው በራስጌ፣
ማንያዘዋል በግርጌ፤
በአንድ የእርሻ ድንበር ሦስት ዓመት ተካሰው፣
አባት ተሸክመው በአንድ ቃሬዛ ደርሰው፣
እስካሁን ቃል ያልተለዋወጡ።

ከምሰሶው ላይ ይንጠባጠባል ሪንገር።
ደብረ ብርሃን፣ መምህራችን ጠመኔ ይዞ፣
«ካልሲየም ካለበት አታገናኙት» ይል ነበር፤
«ይሄም ጥሩ ውሃ፣ ያም ጥሩ ውሃ፣
በአንድ ቱቦ ሲገናኙ ግን ጠጠር።»

ዘጋሁት ሪንገሩን።
በጨው ውሃ አጠብሁት መንገዱን።
ከዚያ መድኃኒቱን፣ ዓይኔን ከሰዓቴ ሳልነቅል፣
አራት ደቂቃ ሙሉ፣ በዝግታ፤
እጃቸው ቀዝቅዞ፣ ደም ሥራቸው እየሸሸኝ።
ደግሞ የጨው ውሃ።

ሊነጋ ሲል ትኩሳቱ ትንሽ ወረደ።
ደምሰው ባናውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ፤
ማንያዘዋል መጥቶ ተቀመጠ፣
በርዶት ነበር፣ ተከናነበው።
የማን እንደሆነ አልጠየቀም።
እኔም አልነገርሁትም።

ካርዱ ላይ ጻፍሁ፦
አንድ ግራም ተሰጥቷል።
መስመሩ ታጥቧል።